ልጁንስ?

በሳምንት ሁለት ቀን እጾማለሁ፤ ረቡዕና ዓርብ። ይህን ስጽፍ ትንሽ ሳቄ መጣ። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ቤተ መቅደስ ቆሞ በሳምንት ሁለት ቀን እንደሚጾም የሚናገር ሰው አለ፤ እሱም ፈሪሳዊው ነው።

ምሳሌውን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ሁሌም ራሴን የማገኘው ቀራጩ ጋ ነበር። ከኋላ የቆመው፣ ቀና ማለት ያልደፈረው፣ ደረቱን የሚመታው። ፈሪሳዊውን ማን ይመርጣል? «እንደዚያ ፈሪሳዊ ስላላደረግኸኝ ተመስገን» እያልኩ ስንት ጊዜ ከቅዳሴ እንደወጣሁ ቤት ይቁጠረው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ነው። ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት፣ የምንሠራው የክፍያ ሲስተም አንዳንድ ደንበኞችን ሁለት ጊዜ ማስከፈል ጀመረ። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሰው ያልተላከለት እየመሰለው ደግሞ ይነካዋል። ሲስተሙ ሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያው ድጋሚ መሆኑን መለየት ነበረበት፤ አልለየም። በዚያ ሳምንት ያንን ክፍል የነካው አዲስ የተቀጠረ ልጅ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ባለበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስሙን ጠርቼ «ይሄን ሳታረጋግጥ ነው እንዴ ያስገባኸው? መሠረታዊ ነገር እኮ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ልጁ «ይቅርታ፣ አሁን አየዋለሁ» አለ።

ማታ ቤት ገብቼ ጊት ብሌም አየሁ። ለማታውቁት፣ እያንዳንዱን የኮድ መስመር ማን መቼ እንደጻፈው የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። «ብሌም» ማለትም ወቀሳ ማለት ነው። ችግሩን የፈጠረው መስመር ላይ ያለው ስም የእኔ ነበር። ከስምንት ወር በፊት የጻፍኩት ነው። ልጁ ያኔ ገና አልተቀጠረም።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች።

እዚህ ላይ ትሑት ሰው ምን ያደርጋል? እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። መስመሩን አስተካከልኩ፣ «ትንሽ ማስተካከያ» ብዬ አስገባሁት፣ ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። ሐሙስ በሥራ ሰዓት ለደንበኞቹ ገንዘባቸው ተመለሰ። እኔ ዝም። ዓርብ ኅሊናዬ አላስቀምጥ ሲለኝ ግሩፑ ላይ ረጅም ጽሑፍ ለጠፍኩ፦ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የተማርኩት ይሄን ይሄን ነው፣ ሁላችንም ኮዳችንን ከመፈተሻችን በፊት ራሳችንን እንፈትሽ። የልብ ምልክት ጎረፈልኝ። አለቃችንም አመሰገነኝ። ስንት ልብ እንደደረሰ ለማየት ስልኬን ሦስት ጊዜ ከፈትኩ። እሺ፣ ከሦስትም ይበልጣል።

አባቶች ለዚህ ነገር ስም አላቸው፤ ውዳሴ ከንቱ። ከጥፋቴ እንኳ ትርፍ አወጣሁበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ታሪኩን ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ስልኬን የመክፈቴን ነገር ሳይቀር። እውነቱን ለመናገር፣ እያወራሁ እያለም አነጋገሬ ያምርልኝ ነበር። አባ የኮምፒውተር ነገር ብዙም አይገባቸውም። እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ልጁንስ?» አሉኝ።

«የቱን ልጅ አባቴ?»

«አጠፋህ ያልከውን። አናገርከው ወይ?»

አላናገርኩትም። እዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ስሙ እንኳ አልነበረም። ጽሑፉ ስለ እኔ ጥፋት፣ ስለ እኔ ትምህርት፣ ስለ እኔ ትሕትና ነበር።

በእኛ ሙያ አንድ ነገር ሲበላሽ ማንንም ሳንወቅስ ምክንያቱን የምንመረምርበት ልማድ አለ። ጥሩ ልማድ ነው፤ ሰው ካልፈራ እውነቱን ያወጣል። ራሴንም እንደዚያው የምመረምር ይመስለኝ ነበር። ግን ሰርቨር ለሰው ይምሰል ብሎ የራሱን ሎግ አያሳምርም። እኔ አሳምራለሁ። መዝጋቢው እኔ፣ አንባቢው እኔ፣ በመጨረሻ ይቅር ባዩም እኔ። ቤተ ክርስቲያን ራስን መመርመርን ለብቻችን ያልተወችልን ለዚህ ይመስለኛል። «ልጁንስ?» የሚል ሰው ከፊታችን አስቀመጠች።

አሁን ፈሪሳዊውን ሳነበው ሌላ ነገር ይታየኛል። ጾሙም ዐሥራቱም ውሸት ነው አልተባለም። እግዚአብሔርንም አመስግኗል። ራሱንም በራሱ መንገድ መርምሯል። ግን የያዘው መለኪያ ከኋላው የቆመው ሰው ነበር። እኔም ዓርብ ዕለት ጥፋቱን ከማያምን ሰው ጋር እየተለካሁ ነበር፤ በልጬ ተገኘሁ።

ቀራጩስ? ጸድቆ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ተነግሮን ምሳሌው ያልቃል። ግን ገጹን ግለጡት። ምዕራፍ 19 ላይ ሌላ ቀራጭ አለ፤ ዘኬዎስ። የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያላግባብ የወሰደውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ። ሁለቱን ቀራጮች አንድ ላይ ሳስባቸው፣ ደረት መምታት መጨረሻው የተበደለው ሰው በር ላይ ይመስለኛል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን ትተህ መጀመሪያ ታረቅ የሚለውም ትእዛዝ እንዲሁ ነው። ልብ በሉ፤ የሚጠይቀን እኛ ምን እንደሚሰማን ሳይሆን ወንድማችን በእኛ ላይ ምን እንዳለው ነው።

ትሕትና የግዕዙ «ታሕት» ዘመድ ነው፤ ታች ማለት። እኛ ግን ብዙ ጊዜ አንገት መድፋት እናደርገዋለን። «እኔ ምን አውቃለሁ» እንልና «ኧረ አንተ እኮ!» እስክንባል እንጠብቃለን። ታች መውረድ ግን ቦታ መቀየር ነው። እዚያ ሆኖ የሌላው ሰው ሌሊት ምን ይመስል እንደነበር ማየት ነው።

ሰኞ ከሥራ ስንወጣ ልጁን ሻይ ልጋብዝህ አልኩት። ይቅርታ ጠየቅሁት። ትንሽ ዝም ብሎ «ረቡዕም ሐሙስም ኮዴን ሳነብ ነው ያደርኩት» አለኝ። «የት ጋ እንደሳትኩ ማግኘት አቃተኝ። ስህተቱን እንኳ ማየት ካልቻልኩ ይሄ ሥራ ለእኔ አይሆንም ብዬ ነበር።»

ያጣው እኮ ስላልነበረ ነው። እሱ በሌለ ስህተት ሲባዝን እኔ ጸሎቴን አድርሼ ተኝቻለሁ። ለደንበኞቹ ገንዘባቸውን በማግስቱ መልሰናል፤ ከእሱ የወሰድኩትን ለመመለስ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀብኝ።

የወቀስኩት ስሙን ጠርቼ በአሥራ ሁለት ሰው ፊት ስለሆነ፣ እዚያው ግሩፕ ላይ ስሙን ጠርቼ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦ ረቡዕ ያልኩት ልክ አልነበረም፣ የእሱ ኮድ ምንም ችግር አልነበረበትም። ስለ ራሴ ምንም አልጨመርኩም። ከባድ ነበር፤ ጣቴ ሦስተኛ መስመር መጨመር ፈልጎ ነበር።

ይህን ጽሑፍም ያው ውዳሴ ከንቱ በር ላይ ቆሞ እንደሚጠብቀው አውቃለሁ። ስለዚህ ከማንም በፊት ለልጁ አስነበብኩት። ይውጣ፣ ስሜን ብቻ አትጥራ አለኝ። ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳወጣ ጠየቀኝ። ስለ እኔ የሚያምር ዓረፍተ ነገር ነበር። አውጥቼዋለሁ።