ስለ ጉልበት መድኃኒትና ስለ እውነት

አንድ ሰው «ከሕመሜ ዐረፍሁ» ብሎ ሲደሰት፥ ያሳረፈው መድኃኒት ይህን ያህል ኃይል የሌለው መሆኑን የሚያውቅ ሌላ ሰው ይህንኑ ሊነግረው ይገባዋልን፥ ወይስ ዝም ሊል? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስላል። ነገር ግን ዘመድ ባሕር ማዶ ባለው በብዙ ቤት ውስጥ፥ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። ወጣት አንባቢ ሆይ፥ የእናትህን ወይም የአያትህን ቤት ብትመለከት፥ «ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን» የሚል ጽሕፈት ያለበት አንድ ትልቅ ብልቃጥ ሳታገኝ አትቀርም።

እኔ ያገኘሁት ገራዶ በሚኖሩት በአክስቴ ቤት ነው። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ከገራዶ ሜዳ ወደ ደሴ መውጣትና ከደሴ ወደ ገራዶ መውረድ የዕድሜያቸው ሙሉ ሥራ ነበረ። አቀበት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ጉልበትን የሚፈጀው ግን ቁልቁለት ነው፤ ሰው ቁልቁል ሲወርድ በጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና የገዛ ሰውነቱን ክብደት ብዙ እጥፍ ይሆናልና። አሜሪካን አገር በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሌሊት ሌሊት የምትሠራው ልጃቸው፥ ሰው በመጣ ቁጥር ብልቃጡን ትልክላቸዋለች። እርሳቸውም ጠዋትና ማታ ይውጣሉ። ይህ ብቻ አይደለም፤ ቡና የሚጠሯቸው አንዲት ሙስሊም ጎረቤት አሏቸውና ከአቦሉ አስቀድመው ለእርሳቸውም ሁለት ሁለት ፍሬ ያካፍሏቸዋል። ሁለቱም «ተሻለን» ይላሉ። ባለፈው ዓመት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ ግን አክስቴ ብልቃጡን አንሥተው፥ «አንተ ፊደል የቆጠርህ ነህ፤ ይህ ነገር እውነት ይረዳል ወይ?» አሉኝ።

እንግዲህ የማውቀውን በቅድሚያ ልናገር። በጉልበት አንጓ ላይ፥ አጥንትና አጥንት እንዳይፋጩ የሚከለክል ልም አጥንት አለ። ይህ ልም አጥንት በዕድሜና በጫና ይሳሳል፤ የደም ሥርም ስለሌለው ቶሎ አይጠገንም። ግሉኮሳሚንና ኮንድሮይቲን ደግሞ ልም አጥንት ከሚሠራባቸው ነገሮች መካከል ናቸው። ስለዚህ «የጎደለውን ብንበላው ይሞላል» የሚለው አሳብ ለጆሮ ይጥማል። ዳሩ ግን ሣር የሚበላ በሬ በጀርባው ላይ የሣር ክዳን አያበቅልም፤ የተበላ ነገር ሁሉ እንዳለ ወደ ተፈለገው የሰውነት ክፍል አይደርስምና።

ክርክሩን ለመፍረድ የአሜሪካ መንግሥት 1,583 የጉልበት ሕመምተኞችን ያስመረመረበት ጥናት በ1998 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2006) ታትሞ ወጣ። ሕመምተኞቹ በአምስት ወገን ተከፍለው ለ24 ሳምንት ክኒን ዋጡ። አንዱ ወገን ሁለቱን ነገሮች በአንድነት ወሰደ፤ አንዱ ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበትን ባዶ ክኒን ሳያውቅ ወሰደ። ሁለቱን ከወሰዱት ከመቶው 66 ያህሉ ሕመማቸው ቢያንስ በአምስት አንድ እጅ ቀነሰላቸው። ባዶውን ከዋጡትስ? ከመቶው 60 ያህሉ። ልዩነቱ በዕድል ሊመጣ ከሚችለው የሚበልጥ አልነበረም። ሕመማቸው በጠናባቸው ጥቂቶች ዘንድ የተሻለ ውጤት ታይቶ ነበር፤ ሆኖም ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በዚህ ላይ አልተማመኑም። የአሜሪካ የቁርጥማት ሐኪሞች ማኅበር በአውሮፓውያን 2019 ባወጣው መመሪያ ሁለቱም ለጉልበት እንዳይሰጡ አጥብቆ መክሯል። ከአውሮፓ ሐኪሞች መካከል ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጠውን አንዱን የግሉኮሳሚን ዓይነት እስከ ዛሬ የሚደግፉ አሉ።

እኔን ያስገረመኝ 66 አይደለም፤ 60 ነው። ባዶ ክኒን ውጠው ዕረፍት ያገኙ እነዚያ ሰዎች ዋሽተዋልን? አልዋሹም። ሕመም ይነሣል፥ ይበርዳል፤ ሰውም መድኃኒት የሚፈልገው ሕመሙ በበረታበት ቀን ነውና፥ ከዚያ በኋላ የሚመጣው መብረድ ለመድኃኒቱ ይቈጠርለታል። ደግሞም «ሰው አስቦልኛል» የሚለው ስሜት ራሱ ሕመምን ያለዝባል። አክስቴ የሚውጡት የልጃቸውን ሌሊት ጭምር ነው።

ስለ ዝምታ የሚከራከር ሰው ብርቱ ነገር ሊናገር ይችላል። «ክኒኑ ብዙ ጉዳት የለውም፤ ደስታቸውን ለምን ትነጥቃለህ? ደግሞ ይህን ቢተዉ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ ገዝተው በየዕለቱ ቢውጡ ጨጓራቸውንና ኩላሊታቸውን አይጎዳምን?» ይላል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። እኔም ያልጠየቀኝን ሰው ቤቱ ድረስ ሄጄ ተስፋውን ማፍረስ ግዴታዬ ነው ብዬ አላምንም።

አክስቴ ግን ጠየቁኝ። ለጠየቀ ሰው ዝም ማለትና መዋሸት ይቀራረባሉ፤ «አዎን፥ ይረዳል» ብዬ ብመልስ ደግሞ ፈጽመው አንድ ይሆናሉ። ሽማግሌን «እውነቱን አይችሉትም» ብሎ መደበቅ አክብሮት ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን እንደ ሕፃን መቍጠር ነው። ረኀብና ጦርነት ያዩ ሴት ስለ አንድ ክኒን እውነቱን መስማት ያቅታቸዋል ብዬ እኔ ማን ነኝና እፈርዳለሁ?

ከዚህም ሌላ የነጋዴው ነገር አለ። በአሜሪካ በ1987 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1994) በወጣው ሕግ መሠረት፥ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸጥ ሰው የሚፈውስ መሆኑን አስቀድሞ እንዲያስረዳ አይገደድም። «ይፈውሳል» ብሎ መጻፍ ግን ተከልክሏል። ስለዚህ በብልቃጡ ላይ «መገጣጠሚያን ይደግፋል» ብሎ ይጽፋል፤ በደቃቅ ፊደልም በሽታን ለማዳን የታሰበ አለመሆኑን ይጨምራል። «ይደግፋል» የሚለውን ቃል ተመልከት። ከሳሽ ቢመጣ ውሸት አይባልም፤ የታመመች ሴት ብታነበው ግን ፈውስ ትሰማበታለች። እኔ ከቀጥተኛ ውሸት ይልቅ እንዲህ ያለውን ቃል እጠላለሁ።

አንድ ነገር ግን ባይጠይቁኝም ኖሮ ሳልናገር አልቀርም ነበር። ግሉኮሳሚን በብዛት የሚወጣው ከሽሪምፕና ከክራብ፥ ማለት ክንፍና ቅርፊት ከሌላቸው የባሕር ፍጥረቶች ሽፋን ነው። ኮንድሮይቲንም ከከብት፥ ከአሳማ ወይም ከሻርክ ልም አጥንት ይወጣል። የእንክብሉም ልባስ ከከብት ወይም ከአሳማ የሚሠራበት ጊዜ አለ። አክስቴ ረቡዕና ዐርብን የሚጾሙ፥ ኦሪት ዘሌዋውያን የከለከለውን በአፋቸው የማያስገቡ ናቸው። ጎረቤታቸውም አሳማ የነካውን የማይቀምሱ ናቸው። ጉልበትን የሚረዳ መሆን አለመሆኑ የሐኪም ነገር ነው እንበል፤ ይህ ግን የሕሊናቸው ነገር ነውና ከእነርሱ በቀር ማንም ሊወስንላቸው አይችልም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ዋርፋሪን ለሚወስድ ሰው ደግሞ ግሉኮሳሚን አደጋ ሊያመጣ ይችላልና፥ በቡና ላይ ለማካፈል የሚመች ነገር አይደለም።

ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ ነገርኋቸው። «እትዬ፥ የተሻለዎት እውነት ነው፤ ያሻለዎት ግን ክኒኑ ለመሆኑ ማስረጃው ደካማ ነው» አልሁ። ሐኪሞች ሁሉ የሚስማሙበትንም ጨመርሁ፦ የጭንን ጡንቻ የሚያበረታ እንቅስቃሴ፥ ክብደት ለበዛበት ሰው መቀነስ፤ አንድ ኪሎ የቀነሰ ሰው በየእርምጃው ከጉልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳልና። ደግሞም ምርኩዝ፤ እርሱንም ከታመመው ጉልበት በተቃራኒ ባለው እጅ መያዝ። ምርኩዝ ስል ፊታቸው ጠቆረ። ከባሕር ማዶ የመጣውን ብልቃጥ ለሰው ያሳያሉ፤ ከጓሮ የሚቆረጥ የወይራ ዱላ ግን «አረጀች» ያሰኘኛል ብለው ያፍራሉ።

ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ ይህን ሰምታለች?» ብለው ጠየቁኝ። አልሰማችም አልሁ። «እንግዲያስ ለእርሷ አንተ አትንገር፤ እኔ እነግራታለሁ። አንተ ብትነግራት የላከችው ሁሉ ከንቱ የሆነ ይመስላታል» አሉ። ይህን እኔ አላሰብሁትም ነበር። ስለ ሰጪዋ ያሰቡ እርሳቸው ናቸው።

ጎረቤታቸውንም በማግሥቱ ጠርተው የእንክብሉን ነገር ነገሯቸው። ሴትዮዋ ሳቁና፥ «እኔስ አንቺ ስለ ሰጠሽኝ ነው የዋጥሁት» አሉ። ብልቃጡ አሁን በመደርደሪያው ላይ ግማሹ እንደ ሞላ ተቀምጧል። ከበቆሎ የሚሠራ ግሉኮሳሚን መኖሩን ነግሬያቸው ነበር፤ ልጃቸው እርሱን ልላክ ብትላቸው፥ በዚያ ገንዘብ ለቅዝቃዜ የሚሆን ወፍራም ጋቢ ይሻለኛል አሏት። ምርኩዙን ግን እስካሁን የሚይዙት ከመሸ በኋላ ብቻ ነው።