ስለ ፈረሰ ቤትና ስለ ምስክሩ

ከተማ እንደ ሰው ይወለዳል፥ ያድጋል፥ መልኩም ይለወጣል። ነገር ግን የሰው መልክ በተለወጠ ጊዜ የልጅነቱን ነገር የምትነግረው እናት አለችው፤ የከተማ መልክ በተለወጠ ጊዜ የቀድሞውን የሚነግር ማን ነው? በዚህ ጥያቄ ላይ ጥቂት ቃል ለአንባቢዎች ለማቅረብ ያነሣሣኝ ምክንያት በፍኖተ ሰላም ከተማ ያየሁት ነገር ነው።

በመሀል ከተማው፥ ከአውራው መንገድ ዳር፥ አንድ አሮጌ ቤት ነበረ። ግድግዳው ጭቃ፥ ምሰሶው ጽድ፥ በሩ ዋንዛ፥ ክዳኑም ዝገት የበላው ቆርቆሮ ሲሆን፥ በፊቱ የእንጨት ሰገነት ነበረው። ከገጠር ለገበያ የሚመጣ ሰው ቀጠሮ ሲሰጥ «ከሰገነቱ ሥር እንገናኝ» ይል ነበር። ባለቤቱ ፎቅ ሊሠራበት አስቦ አፈረሰው። በሚፈርስበት ቀን ብዙ ወጣቶች የእጅ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶግራፍ ሲያነሡ አየሁ። እኔ አዝኜ ቆሜ ሳለሁ አንድ የጎረቤቴ ልጅ ያነሣውን እያሳየኝ፥ «የኔታ፥ አይዘኑ፤ ቤቱ ይኸው እዚህ አለ፤ አልጠፋም» አለኝ። ቃሉ ለማጽናናት የተነገረ ቢሆንም ብዙ ሌሊት አሳሰበኝ። በእውነት ፎቶግራፉ ካለ ቤቱ አለ ማለት ነውን? ወይስ ፎቶግራፉ ልባችን እንዳይወቅሰን የምንሰጠው መደለያ ነው?

አስቀድሞ ስለሚያፈርሰው ሰው እውነቱን መናገር ይገባል። ለውጥ ሁሉ ጥፋት አይደለም። ፍኖተ ሰላም ራስዋ የቀድሞ ስምዋ ወጀት ነበረ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ከተመለሱ በኋላ የሰላም መንገድ ሲሉ ስሟን ለወጡት። ደብረ ማርቆስም አስቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር። አባቶቻችንም የሣሩን ክዳን አንሥተው ቤተ ክርስቲያኑን ቆርቆሮ ሲያለብሱት ደስ ብሎአቸው ነው እንጂ እያለቀሱ አልነበረም። ክዳኑ በሚያፈስ ቤት የሚኖር ሰውም «ለእኔ ትዝታ ስትል ብርድ ይምታህ» ሊባል አይገባውም። ይህን የሚል ሰው የሌላውን መከራ ለራሱ ጌጥ ያደርገዋል።

እኔም በዚህ ነገር ከራሴ ጋር ተከራክሬአለሁ። በጎጃም የቅኔ ጉባኤያት፥ በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፥ የተማሪ ማደሪያ የሣር ጎጆ ነው፤ ዝናም ያፈርሰዋል፥ ተማሪ ይሠራዋል። እኔ ቅኔ የቆጠርሁባት ጎጆ ዛሬ የለችም፤ በስፍራዋ ሣር በቅሎባታል። ነገር ግን አንድ ቀን እንኳ አላዘንሁባትም። ጉባኤ ቃናውም መወድሱም በልቤ እንጂ በጎጆዋ ግድግዳ ላይ አልተጻፈምና። ታዲያ ጎጆዬ ሳታሳዝነኝ የነጋዴው ሰገነት ስለ ምን አሳዘነኝ?

ብዙ ካሰብሁ በኋላ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው፤ ቅኔ ተረካቢ አለው፥ ቤት ግን ተረካቢ የለውም። ቅኔን መምህር ለተማሪው ያስረክባል፤ ተማሪውም ከማን እንደ ተቀበለ መምህሩን በስም ይጠራል። የዚያን ሰገነት እንጨት ማን እንደ ጠረበው፥ ጽዱ ከየትኛው ደን እንደ ወረደ፥ በየትኛው ዓመት እንደ ተሠራ፥ በሥሩ ምን ውል እንደ ተፈጸመ ይዞ እንዲያቆይ የተሾመ ሰው የለም። ቤቱ ብቻውን መምህርም መጽሐፍም ነበረ። ስለዚህ በፈረሰ ጊዜ የሚያውቀውን ሁሉ ይዞ ፈረሰ።

እንግዲህ ፎቶግራፍ ተረካቢ ሊሆን ይችላልን? ከዚሁ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እንመልከት። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው ነበር፤ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የኢጣልያ ጦር የቡሬን ምሽግ ለቆ ሸሸ፤ እርሳቸውም በቡሬ በኩል አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። በዚያ ዘመቻ ጊዜ ከተነሡት ፎቶግራፎች በአንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ከሳንድፎርድና ከዊንጌት ጋር በደምበጫ ምሽግ ሆነው ይታያሉ፤ ሥዕሉም በለንደን የጦርነት ቤተ መዘክር ይገኛል። ሦስቱ ሰዎች ስማቸው ከሥዕሉ ጋር ስለ ተጻፈ ከቶ አይጠፉም። ምሽጉ ግን ለእነርሱ እንደ መጋረጃ ሆኖ ከኋላ ቀርቶአል፤ ድንጋዩን የተሸከመውን የአገር ሰው ሥዕሉ አይነግረንም። ካሜራ ባለቤቱ ያነጣጠረበትን ይይዛል፤ ከዚያም ውስጥ የሚጸናው ስሙ የተጻፈለት ነው።

ጽሑፍ ያለ ሥዕል ምን ያህል እንደሚያቆይ ደግሞ ከመካነ ሥላሴ እንማራለን። ይህ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን በወሎ ምድር በ1524 ዓ.ም. በግራኝ አሕመድ ዘመቻ ተቃጠለ። ያን ጊዜ ካሜራ አልነበረም፤ ሆኖም ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ከመቃጠሉ በፊት ያየውን፥ ዐረብ ፈቂህም በዘመቻው ጊዜ ስለ ወርቁ የሰማውንና ያየውን ጽፈዋል። እንግዲህ ስለ ጌጡ ብዙውን ነገር የምናውቀው በእንግዳና ባቃጠለው ወገን ብዕር ነው። ባለቤት ያልመሰከረለትን ቤት ሌላው ይመሰክርለታል፤ የሚመሰክረውም እርሱ የወደደውን ያህል ነው።

ሥዕልና ጽሑፍ በአንድነት ሲሆኑ ግን ምስክርነቱ ይሞላል። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጡት የጀርመን ሊቃውንት ፎቶግራፍ በማንሣት ብቻ አልተወሰኑም፤ ሕንጻውን ለክተው ንድፉን ነደፉ፥ በድንጋይ የተቀረጸውንም ጽሑፍ ገለበጡ። ስለዚህ ሥራቸው ከመቶ ዓመት በኋላም መርማሪዎችን ያገለግላል። እኛ በቅኔ ቤት ሰሙን ይዞ ወርቁን መፍታት ያልቻለውን ተማሪ አወቀ አንለውም። ፎቶግራፍም ያለ ታሪኩ ሰም ብቻ ነው፤ ወርቁ በሽማግሌዎች አፍ ውስጥ አለ፥ ሽማግሌዎችም ይሞታሉ።

ሌላው የሚያሳስበው ነገር ጊዜው ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የፒያሳ ሰፈር ብዙው ክፍል ሲፈርስ ብዙ ሰው ለስንብት ፎቶግራፍ አነሣ። ስንብት መልካም ነው፤ ነገር ግን ሰው ወዳጁን ሊቀብር ሲል ብቻ የሚጠይቀው ከሆነ ወዳጅነቱ ምንድር ነው? ቤቱ ቆሞ ሳለ የሚነሣ ፎቶግራፍ ስለ ቤቱ ይለምናል፤ ባለቤቱን «ምሰሶው ደኅና ነው፥ ክዳኑን ብቻ ለውጠው» ለማለት ያስችላል። ማፍረስ ግድ ቢሆን እንኳ በሩን ለአዲሱ ቤት ለማትረፍ ጊዜ ይገኛል። በሚፈርስበት ቀን የሚነሣው ግን መርዶ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው ስለ ቅርስ ጥበቃ የሚናገረው አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከስፍራው እንዳይነሣ ደንግጎአል፤ ነገር ግን ማንም ያልመዘገበውንና ማንም ያልመሰከረለትን የጭቃ ቤት አዋጁ እንዴት አድርጎ ያውቀዋል?

ይህን ሁሉ ለዚያ ልጅ በነገርሁት ጊዜ በትሕትና አደመጠኝ፤ ከዚያም፥ «እሺ፥ የኔታ፤ እንግዲያው ከሥዕሉ በታች ልጻፍበት። ሰገነቱን የሠራው አናጢ ማን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መልስ አጣሁ። በዚያ ሰገነት ሥር ከሠላሳ ዓመት በላይ ተመላልሻለሁ፥ ከዝናም ተጠግቼበታለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ማን ሠራው ብዬ አልጠየቅሁም። የሚያውቁት ሽማግሌዎች አልፈዋል። ልጁን መደለያ ያዝህ ብዬ ስወቅሰው፥ እርሱ ቢያንስ ሥዕሉን ይዞአል፤ እኔ ግን ተረካቢ ልሆን የሚገባኝ ሰው ምንም አልያዝሁም ነበር። ጥፋቱ የወጣቱ ሳይሆን የእኛ የሽማግሌዎቹ ነው።

ከዚያ ወዲህ እርሱ ስልኩን፥ እኔም ደብተሬን ይዘን በገበያ ቀን እንወጣለን። በፍኖተ ሰላም ጀምረን ወደ ቡሬም ሄድን። በቡሬ አንዲት አሮጊት በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ሳለ ልጁ ቤታቸውን ሊያነሣ ቢል ደንግጠው ተነሡና፥ «ልታፈርሱት ነው እንዴ?» አሉን። ለካ ቤታቸውን ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ ለማፍረስ የሚለካ ይመስላቸዋል። እኔም፥ «እመይቴ፥ እኛ ለማፍረስም ለማትረፍም ሥልጣን የለንም፤ ማን እንደ ሠራው ብቻ ይንገሩን» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ተመለከቱን፤ ከዚያም በርጩማ አስመጥተው አስቀመጡን። የአናጢውን ስም ከነአባቱ፥ የመጣበትንም አገር፥ ምሰሶው የተተከለበትንም ዓመት ነገሩን። እስኪመሽ ድረስ ተናገሩ፤ እኔም ጻፍሁ።