ሰይጣንን መፍራት ሃይማኖት ይባላልን?

አንድ ወጣት ዲያቆን በአሶሳ ከተማ የሠርክ ጸሎቱን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ፥ አጋንንት የመሉበትን ፊልም በእጅ ስልኩ ተመልክቶ እንቅልፍ ቢያጣ፥ ሌሊቱንም ሁሉ ሲያማትብ ቢያድር፥ በማግሥቱም ወደ ንስሐ አባቱ ሄዶ «አባቴ፥ ዛሬ ሃይማኖቴ ጸና፤ ሰይጣን በእውነት እንዳለ ዐውቄአለሁና» ቢለው፥ አባቱ ምን ብሎ ሊመልስለት ይገባል?

ነገሩ ለጊዜው ቀላል ይመስላል። ወጣቱ ከስካርና ከጭፈራ ርቆ የመስቀልን ኃይል የሚያሳይ ታሪክ በማየቱ ምን በደለ? ደግሞም ፍርሃት የጥበብ መጀመሪያ እንደ ሆነ ያልተማረ ደቀ መዝሙር የለም። ዳሩ ግን መጽሐፍ የጥበብ መጀመሪያ ያደረገው ፈሪሃ እግዚአብሔርን ነው እንጂ ፈሪሃ ሰይጣንን አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ 2 አጋንንት ራሳቸው በአንድ አምላክ እንደሚያምኑና እያመኑም እንደሚርዱ ያስተምራል። እንግዲህ ከመራድ በቀር ሌላ ፍሬ ያላፈራ እምነት ከማን እምነት ጋራ እንደሚቈጠር ማሰብ ያስፈልጋል።

የቀደሙት የአዲስ አበባ ሰዎች የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት «የሰይጣን ቤት» ብለው ጠሩት፤ ጥላ በግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት ምትሐት መስሏቸው ነበርና። ዛሬ ይህን ስም የሚሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ሰው ወደ ቤቱ ካልገባ ይድን ነበር፥ አሁን ቤቱ በየሰው ኪስ ገብቶአል። ሰይጣንን በመካከል አቁሞ ከሁሉ ይልቅ ዓለምን ያስደነገጠው ሥራም የመጣው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።

ይህ ሥራ «ዘ ኤክሶርሲስት»፥ ይኸውም «አጋንንት አውጪው» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ደራሲው ዊልያም ፒተር ብላቲ በ1941 ዓ.ም. በሜሪላንድ ስለ አንድ ልጅ የተወራውን መነሻ አድርጎ በ1963 ዓ.ም. በልብ ወለድ መጽሐፍ ጻፈው፤ ዊልያም ፍሬድኪን ወደ ፊልም አዛወረውና ታኅሣሥ 17 ቀን 1966 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየ። (ኢትዮጵያ በዚያ ዓመት የራስዋ ድንጋጤ ስለ ነበረባት የሌላውን ለማየት ጊዜ አልነበራትም።) ታሪኩ ባጭሩ ሬገን የምትባል የ12 ዓመት ልጅ በጋኔን መያዝዋ ነው፤ ሐኪሞች መርምረው ባቃታቸው ጊዜ ሁለት የካቶሊክ ካህናት፥ ሽማግሌው ሜሪንና ጐልማሳው ካራስ፥ ይጠራሉ። ተመልካች ሁሉ የሚያስታውሰው የልጅቱን አንገት መዞር፥ የአልጋውን መንቀጥቀጥ፥ ከአፍዋም የሚወጣውን ርኩስ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ግን በቅኔ ቤት አነጋገር ሰሙ ነው፤ ወርቁ በካራስ ልብ ተሰውሮአል። ካራስ እናቱ በችግር ብቻዋን ስለ ሞተችበት ራሱን የሚወቅስ፥ ሃይማኖቱም የዛለበት ካህን ነው፤ ጋኔኑም የሚዋጋው በእናቱ ድምፅ እየተናገረ ነው። ሽማግሌው ካህን በመጽሐፉ ውስጥ ለዚህ ነገር ትርጓሜ ይሰጣል። ጋኔኑ የሚያነጣጥረው በልጅቱ ላይ ሳይሆን በዙሪያዋ ቆመው በሚያዩት ላይ ነው፤ ሰው እንስሳ ነው፥ እግዚአብሔርም ሊወደው አይችልም ብለው ተስፋ እንዲቈርጡ ይሻልና። የሚያስገርመው፥ ይህ ንግግር መጀመሪያ ከታየው ፊልም ተቈርጦ ወጥቶ በ1993 ዓ.ም. በታየው ቅጂ ነው የተመለሰው። ሰሙን ይዘው ወርቁን ጣሉት፤ ሕዝቡም ለሰሙ ብቻ ተሰለፈ።

በወንጌል ግን ፈታኙ በሚያስፈራ መልክ አልመጣም። ለተራበው ስለ እንጀራ ነገረው፤ ቀጥሎ መጽሐፍ ጠቀሰ፤ በመጨረሻም የዓለምን መንግሥታት ክብር አሳየ። ስለ ቀንዱና ስለ ጥፍሩ ማቴዎስ አንዳች አልጻፈም። ይህን ለመረዳት የአሶሳ ምድር የተመቸ ነው፤ ሀብቱ ወርቅ ነውና። የበርታ ሰዎች ከወንዝ አሸዋ እያጠቡ የሚያወጡት ወርቅ የግብጹን ገዢ መሐመድ ዓሊን ወደ ሱዳን ከሳቡት ነገሮች አንዱ ነበረ፤ በ1890 ዓ.ም. ደግሞ የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በራስ መኰንን መሪነት ወደዚያ ወረደ። ከወርቁም ጋራ ሰው ይሸጥ ነበር። የባሪያ ነጋዴው አረፋ አልነበረበትም፥ ቃሉም እንደ አውሬ አይጮኽም፤ በለሰለሰ ድምፅ ዋጋ ይጠራ ነበር እንጂ። በሻጩም በገዢውም ቤት ጸሎት አይታጐልም ነበር። ባርነትን የሚገታው አዋጅ በ1916 ዓ.ም. ወጣ፥ ፈጽሞ የሚሽረው ደግሞ በ1934 ዓ.ም. ተከተለ። እስከዚያ ድረስ ሰው በገበያ ሲመረጥ አይቶ ሌሊት የባነነ ምእመን ስንት ይሆን?

ከዚህም የቀረበ አለ። በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፥ በመተከል ዞን በቡለን ወረዳ፥ በኩጂ በምትባል ቀበሌ፥ ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተገደሉ። እንዲህ ያለውን ነገር የሰማ ሁሉ «ይህን የሚያደርግ ሰው አይደለም፥ ሰይጣን ነው» ይላል። ቃሉ ከሐዘን የወጣ ነውና አይነቀፍም፤ ቢሆንም በውስጡ ሁለት ወጥመድ አለበት። ሰይጣን የተባለ ሰው በሰው ፍርድ አይጠየቅም፥ ለንስሐም አይጠራም፤ እንዲህ ከበደሉ ያመልጣል። ደግሞም ቋንቋውን የሚናገር ጎረቤት ሁሉ ምንም ሳያደርግ ከሰይጣን ወገን ይቈጠርበታል። ያ ሽማግሌ ካህን የተናገረው እዚህ ላይ ይፈጸማል፤ ከገዳዩ እጅ ያመለጠው ሰው በሰው ተስፋ ሲቈርጥ ሁለተኛ ይያዛልና።

ዓባይ ወደዚህ ክልል ወርዶ በጉባ ታላቁን ግድብ ከመሙላቱ አስቀድሞ ከጣና ይወጣል። በዚያም በጣና፥ ጓንጉት በተባለው ቦታ፥ በ15ኛው መቶ ዓመት የነበረች ክርስቶስ ሠምራ የምትባል ጻድቅ መታሰቢያዋ አለ። ገድልዋ እንደሚተርከው ይህች ሴት በሀብት በነበረች ጊዜ በአገልጋይዋ ተቈጥታ የእሳት ትንታግ በአፍዋ ውስጥ አገባችባት፤ አገልጋይቱም ሞተች። ክርስቶስ ሠምራ ባደረገችው ደንግጣ ወደ እግዚአብሔር ጮኸች፤ የሞተችው ብትነሣ ዓለምን እንደምትተው ተሳለች፤ በተነሣችም ጊዜ ስእለትዋን ፈጸመች። ከብዙ ተጋድሎ በኋላ ማንም ያልለመነውን ለመነች፤ የአዳም ልጆች ከመሳት እንዲያርፉ እግዚአብሔር ከዲያብሎስ ጋራ ይታረቅ ዘንድ። ተፈቅዶላት ከቅዱስ ሚካኤል ጋራ ወደ ሲኦል ሄዳ ጠራችው፤ እርሱ ግን እርቁን ጠልቶ ጐትቶ አገባት፤ ሚካኤልም አወጣት፥ ብዙ ነፍሳትም ከእርስዋ ጋራ ወጡ።

የፊልሙ ካራስ መጨረሻ ከዚህ ጋራ ሲተያይ ልዩነቱ ይታወቃል። ካራስ ጓደኛው ሜሪን በሞተ ጊዜ በቍጣ ተነሥቶ የታመመችውን ልጅ ይመታል፤ ጋኔኑንም ወደ እኔ ግባ ብሎ ይጠራል፤ በገባበትም ጊዜ ከመስኮት ራሱን ወርውሮ ይሞታል። ነፍሱን ስለ ሌላው መስጠቱን የሚያደንቁ አሉ፥ አድናቆታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ጋኔንን ና ብሎ መጥራት በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም፤ ቍጣውም ከጋኔኑ አልፎ የወደቀው በልጅቱ ሥጋ ላይ ነው። ክርስቶስ ሠምራ ወደ ሲኦል ደጅ ስትደርስ ቍጣን ከኋላዋ ትታ ነበር፤ ቍጣ ምን እንደሚያደርግ በገዛ እጅዋ ዐይታ ነበርና። የደነገጠችው አስቀድሞ ከራስዋ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዲያብሎስን እንኳ ልታዝንለት ቻለች። ዲያብሎስ ምሕረት እንደማያገኝ ሊቃውንት ያውቃሉ፥ ገድሉም ይህን አልካደም፤ ርኅራኄዋን ግን አልነቀፈም።

ይህ ለመጽሐፍ ሰው ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። በጠበል ቦታ የታመሙ ሰዎች ጋኔን አለባቸው ተብለው በሰንሰለት ሲታሰሩና ሲደበደቡ የታየበት ጊዜ ብዙ ነው። የሚመታው ሰው ሰይጣንን እመታለሁ ይላል፤ ሰንበሩ የሚወጣው ግን በእናት ልጅ ጀርባ ላይ ነው።

ያ የአሶሳ ዲያቆን እንግዲህ መልስ ይጠብቃል። ንስሐ አባቱ ፊልሙን ዳግመኛ አትይ ብሎ ቢያሰናብተው የሚነቅፈው የለም። ቀኖናውን ከመስጠቱ በፊት ግን አንድ ነገር ሊጠይቀው ይችላል። «ልጄ፥ ካህኑ ተቈጥቶ ያችን የታመመች ልጅ በመታት ጊዜ አንተ ምን ተሰማህ? ደስ ብሎህ ነበርን?»