ጭረቱ የት ሄደ?

እስቲ ስልካችሁን ከከቨሩ አውጡና በመስኮት በሚገባው ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ እዩት። ፊት ለፊት ሲታይ ያልነበረ ጭረት ሁሉ በጎን ሲያዩት ቁልጭ ብሎ ይወጣል። አንዱ ኪስ ውስጥ ቁልፍ የቧጨረው ነው፤ አንዱ ከባጃጅ ሲወርዱ የወደቀበት፤ ሌላው የመንገዳችን አቧራ የፈተገው።

እዚሁ ጨፋ ሮቢት፣ በዋናው መንገድ ዳር ላቫጆ የሚሠራ ወንድም በወጣት ኅብረታችን ውስጥ አለ። በአዲስ አበባና በደሴ መካከል የሚመላለሱ መኪኖችን ያጥባል፤ ባለቤቱ ከከፈለም ፖሊሽ ይመታል። አንድ ቀን የተረፈችውን ፖሊሽ በራሱ ስልክ የፕላስቲክ ጀርባ ላይ ሞከራት። ስልኩ አዲስ መሰለ። ጓደኞቹ አዩና አመጡ፤ የጓደኞቹ ጓደኞችም ተከተሉ፤ በ50 ብር ይወለውልላቸው ጀመር። እኔም የራሴን ሰጥቼው አስወልውያለሁ።

ከዚያ ያገለገሉ ስልኮች የሚሸጥ ሰው መጣ። "በየሳምንቱ አመጣልሃለሁ፤ አንተ ወልውል፣ ካርቶኑ የእኔ ጉዳይ ነው" አለው። ካርቶኑ የአዲስ ስልክ ካርቶን ነው። ቅዳሜ ከፕሮግራም በኋላ ልጁ በር ላይ ጠብቆ፣ "መምህር፣ እኔ የምወለውለው ብቻ ነው፤ አዲስ ነው ብሎ የሚሸጠው እሱ ነው። እኔ ላይ ኃጢአት አለበት?" ብሎ ጠየቀኝ። ቸኩዬ ነበር። "በሐቅ ሥራ፣ ጌታ ይባርክሃል" ብዬው ሄድኩ። መልስ እንዳልሰጠሁት እሱም ገብቶታል።

ለመሆኑ ጭረቱ ሲወለወል የት ይሄዳል? ጭረት ጉድጓድ ነው፤ ጉድጓድን ደግሞ ጠርጎ መጣል አይቻልም። ፖሊሽ ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚፍቁ እጅግ የደቀቁ ቅንጣቶች አሉ። የሚፍቁት ግን ጉድጓዱን አይደለም፤ በዙሪያው ያለውን ደህናውን ክፍል ነው፤ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ያወርዱታል። መኪና ላይ የሚፋቀው ከቀለሙ በላይ ያለው ክሊር ነው። እሱም በጣም ስስ ስለሆነ፣ ያለ ልክ የተወለወለ መኪና በመጨረሻ ቀለሙ ይጋለጣል። ሰም ደግሞ ሌላ ነው። ሰም አይፍቅም፤ ጉድጓዱን ሞልቶ ይሸፍነዋል፤ ጥቂት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ጭረቱ ተመልሶ ይመጣል። የስልክ መስታወት ጠንካራ በመሆኑ የመኪና ፖሊሽ ጭረቱን እምብዛም አያነሳለትም፤ ይልቅስ የጣት አሻራ እንዳይዝ ፋብሪካው የቀባውን ስስ ሽፋን ይወስድበታል። (ይህን ለልጁ ነግሬዋለሁ፤ አሁን መስታወት አይነካም።) ነገሩ የእኛ ሰፈር ፈጠራም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 አፕል አይፖድ ናኖን ሲያወጣ ቶሎ ተቧጨረብን ያሉ ደንበኞች አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ሄደዋል፤ ሌሎች ደግሞ ፖሊሽና ጨርቅ ይዘው ተቀምጠዋል።

ታዲያ መወልወል ማታለል ነው? አይመስለኝም። በሬውን አጥቦ ወደ ገበያ የሚነዳ ገበሬ ማንንም አላታለለም። ሆዱ እንዲነፋ ጨው አልሶ ውኃ የሚያጠጣው ግን አታልሏል። ሁለቱም በሬያቸው አምሮ እንዲታይ ነው የፈለጉት። ነገር ግን የመጀመሪያው ለገዢው "አጥቤዋለሁ" ቢለው ዋጋው አይወርድም፤ ሁለተኛው "ጨው አልሼዋለሁ" ቢል ግን ገበያው እዚያው ይፈርሳል። ስልኩንም በዚሁ መዝኑት። "ያገለገለ ነው፣ ጀርባውን አስወልውዬዋለሁ" ተብሎ የሚሸጥ ስልክ ገዢ አያጣም። ካርቶን ውስጥ የገባው ግን ስለ ፖሊሹ አንድ ሰው የተናገረ ቀን ያበቃለታል።

የልጁ ጥያቄ ግን "እኔ ብወለውል፣ ሌላው ቢሸጥስ?" የሚል ነበር። እዚህ ላይ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 13ን አንብቡ። አንዱ ልል ግንብ ይሠራል፤ ሌሎች መጥተው ይለስኑታል። ለሳኞቹ ግንቡን አልሠሩትም፤ "እኛ ቀባን እንጂ" ማለት ይችሉ ነበር። ዝናቡና በረዶው ሲመጣ ግን የእግዚአብሔር ቁጣ በግንቡም በለሳኞቹም ላይ ነው የወረደው። ይህን ምዕራፍ ስንት ጊዜ አስተምሬዋለሁ፤ ላቫጆ ውስጥ ግን አይቼው አላውቅም ነበር።

ሮማዊው ሲሴሮ ክርስቶስ ከመወለዱ 44 ዓመት በፊት ለልጁ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ነጋዴ ያመጣል። የሮድስ ደሴት ሰዎች ተርበዋል፤ ነጋዴው ከእስክንድርያ እህል ጭኖ ይደርሳል፤ ሌሎች መርከቦችም እህል ይዘው እየመጡ መሆኑን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው ዲዮጋንስ ሕግ ካዘዘው በላይ መናገር ግዴታው አይደለም፣ ዝም ማለትም መደበቅ አይደለም ይላል። ተማሪው አንቲጳጥሮስ ግን መምህሩን ይቃወማል፤ ለሰው መጥቀም ያለበት ሰው እንዴት ይደብቃል ባይ ነው። ሲሴሮም ነጋዴው መናገር ነበረበት ብሎ ይፈርዳል። ይህን ለአንድ ሙስሊም እህል ነጋዴ ጎረቤቴ ሳጫውታቸው፣ "ልጄ፣ እኛም ዘንድ አለ" ብለው ነቢያቸው እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከትተው ከላይ ደረቅ፣ ከሥር እርጥብ ያገኙበትን ታሪክ ነገሩኝ። ነጋዴው ዝናብ ነው ያራሰው አለ። እርጥቡን ለምን ሰው በሚያየው በኩል አላደረግከውም ተባለ።

የዲዮጋንስን ክርክር እኔ መጽሐፍ ሳላነብ ነው የተጠቀምኩበት። በ2004 ዓ.ም. ደሴ ኮሌጅ ስማር ውኃ ውስጥ የወደቀች ኖኪያ ነበረችኝ፤ ማታ ማታ ራሷን ታጠፋ ነበር። የፕላስቲክ መስታወቷን በኮልጌት ፈትጌ አብለጨለጭኳትና ለመኝታ ክፍል ጓደኛዬ ሸጥኩለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ "ለምን አልነገርከኝም?" አለኝ። "አልጠየቅከኝም" አልኩት። ብሩን አልመለስኩለትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ እኔ ግን ያን ጊዜ የኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ከሕግ በላይ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። ለነጋዴው ካርቶን ለሚገባ ስልክ እጄን አልሰጥም ብሎት እንደነበር ያኔ ነገረኝ፤ ሰውየውም ከሚሴ ሌላ ወልዋይ አግኝቷል። በሳምንት የሚያገኘው ገንዘብ ወደ ድሮው ተመለሰ። እናቱ ጉሊት ነው የሚሸጡት፤ ቀላል ነገር አይደለም። ሊሄድ ተነሥቶ፣ "መምህር፣ ለጓደኛዎስ ነገሩት?" አለኝ።

አልነገርኩትም ነበር። ማታውኑ ደወልኩለት። ይቅርታ ጠይቄ ገንዘቡን ልላክልህ ስለው ሳቀብኝ።

"ያቺን ስልክ? ያኔውኑ ሐይቅ ወርጄ ለአንድ ገበሬ ሸጥኳት።"

"ምን ብለህ ሸጥክለት?" አልኩት።

"ምንም። አልጠየቀኝም።"