ሟችን የሚሸሽግ ቃል

ከእንግሊዝኛ ቃላት መካከል እጅግ የሚያበሳጨኝ «ኮላተራል ዳሜጅ» የሚሉት ነው። «ኮላተራል» ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ለባንክ ብድር የሚያዘውን ንብረት ነው። በጦር ሹማምንት አፍ ግን «ተጓዳኝ ጉዳት» ማለት ሲሆን፣ ዒላማ ሳይሆኑ ለተገደሉ ሰላማዊ ሰዎች የተሰጠ ስም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 በባግዳድ የአሚርያ መጠለያ በአሜሪካ ቦምብ ተመትቶ ከ400 በላይ ሰላማዊ ሰዎች አለቁ። ቃሉም በዚያው ጦርነት ከወታደራዊ መግለጫ ወጥቶ በየጋዜጣው ተሠራጨ። በዚህ ጦርነት የተሳተፈው ቲሞቲ ማክቬይ እ.ኤ.አ. በ1995 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ በቦምብ 168 ሰዎችን ገደለ፤ ከመካከላቸው 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። እርሱም ሕፃናቱን የጠራቸው በዚሁ ቃል ነበር። መንግሥት ለራሱ ያበጀውን መሸሸጊያ ወንጀለኛውም ተጠለለበት።

ሐኪምም መሐንዲስም የሙያ ቃል ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን አልቃወምም። የእነርሱ ቃል ግን ነገሩን ለይቶ ለማሳየት የወጣ ነው። ይኸኛው የወጣው ላለማሳየት ነው።

ውድ አንባብያን፣ እኔም ዜና ስተረጉም «ተጓዳኝ ጉዳት» ብዬ ጽፌ አልፌአለሁ። ስንት ሰው እንደሞተ ግን አልጠየቅሁም ነበር። የሟቾቹን ስም ባናውቅ እንኳ፣ ቢያንስ «ሰዎች ተገደሉ» እንበል።