ዜሮው ሲንሸራተት፦ ከኢኦቴክ ጉዳይ የምንማረው

ማነጣጠሪያን ዜሮ ማድረግ፣ ማለትም የሚታለምበትንና ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ማገጣጠም፣ ሲባል ብዙ ሰው አንድ ቀን ተኩስ ሜዳ ሄዶ፣ ብሎን አዟዙሮ የሚጨርሰው ሥራ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ምን ያህል እንደሚያሳስት ለማሳየት የአሜሪካው ኢኦቴክ ኩባንያ ጉዳይ በቂ ነው።

ኢኦቴክ በሚሺጋን ግዛት አን አርበር ከተማ ሆሎግራፊክ የሚባሉ የጠመንጃ ማነጣጠሪያዎችን እየሠራ ስሙን የተከለ ድርጅት ነበር። የአሜሪካ ጦር ኃይል፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤትና ኤፍ ቢ አይ ደንበኞቹ ነበሩ። ወታደሩ በመስታወቱ ውስጥ ቀይ ክብ፣ በክቡም መሐል አንዲት ነጥብ ያያል። ነጥቧን ዒላማው ላይ አሳርፎ ቃታውን ይስባል። ሁለት ዓይኑን ገልጦ፣ ፈጥኖ መተኮስ ስለሚያስችለው በልዩ ኃይሎች ዘንድ በጣም ተወዳጅ ነበር።

በኖቬምበር 2015 ግን የአሜሪካ መንግሥት ኢኦቴክንና የያኔ ባለቤቱን ኤል-3 ኮሙኒኬሽንስን በማንሃተን ፌዴራል ፍርድ ቤት በማጭበርበር ከሰሰ። ጉዳዩ በ25.6 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ድርጅቱ ማነጣጠሪያው ከዜሮ በታች ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ድረስ በትክክል ይሠራል ብሎ ነበር የሸጠው። በክሱ መሠረት ግን ብርድ ላይ ምስሉ እንደሚዛባ ከ2006 ጀምሮ ያውቅ ነበር። ከዚያ የከፋው ደግሞ የነጥቡ መንሸራተት ነው። ሙቀቱ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ነጥቡ ከቦታው ይሸሻል፤ በ300 ያርድ ማለትም በ274 ሜትር ገደማ ርቀት ላይ፣ በነጥቡና ጥይቱ በሚያርፍበት ቦታ መካከል ያለው ልዩነት ከ30 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። የአንድ ሰው ደረት ከዚህ ብዙም አይሰፋም።

የነጥቡን መንሸራተት ያወጣው ድርጅቱ አልነበረም። ኤፍ ቢ አይ በራሱ ፍተሻ ደርሶበት ውጤቱን ለኢኦቴክ ሲያቀርብለት ነው ድርጅቱ ለደንበኞቹ የተናገረው። የአሜሪካ ልዩ ዘመቻ ዕዝም በዚያው ዓመት ለተጠቃሚዎቹ የጥንቃቄ መልእክት አስተላለፈ። ብርድ ምስሉን እንደሚያዛባው ከታወቀበት ከ2006 እስከ 2015 ያለው ዘጠኝ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው። በእነዚያ ዓመታት የአሜሪካ ወታደሮች በአፍጋኒስታን ተራሮች ብርድና በኢራቅ በረሃ ንዳድ ውስጥ ይዋጉ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እያወቁ ዝም ማለት ለእኔ የንግድ ጥፋት ብቻ አይደለም። ወታደሩ ጥይቱ ሲስትበት በእጁ ያሳብባል፤ በልምምዱ ማነስ ራሱን ይወቅሳል። ያልበደለውን በደል እንዲሸከም የተደረገው እሱ ነው።

ነጥቡ ለምን ይንሸራተታል? ቀይዋ ነጥብ ዒላማው ላይ የተለጠፈች ትምሰል እንጂ ከማነጣጠሪያው ውስጥ የሚወጣ ብርሃን ናት። ሆሎግራፊኩ ብርሃኑን ከሌዘር ያመነጫል። ሽጉጥ ላይ የሚገጠመው ተራ ቀይ ነጥብ ደግሞ ከአንዲት ትንሽ ኤል ኢ ዲ ያመነጭና ከፊት ባለው መስታወት ወደ ዓይን ይመልሰዋል። በሁለቱም ቢሆን ብርሃኑ ወደ ዓይን የሚመጣበት ማዕዘን ነው ነጥቡ የት እንደሚታይ የሚወስነው። ሙቀቱ ሲለዋወጥ አንዱ የውስጥ ክፍል በዓይን የማይታይ ያህል እንኳ ከተጣመመ ወይም ከተሳበ ማዕዘኑ ይለወጣል፣ ነጥቡም አብሮ ይሄዳል። ከላይ ስናየው ምንም የተነካ ነገር የለም። ተኳሹን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው፤ የተሰበረ መስታወት ያስታውቃል፣ የሸሸ ነጥብ ግን እንደ ደኅናው ደምቆ ይበራል።

ወደ ሽጉጥ እንምጣ። ዛሬ ብዙ ሽጉጦች ቀይ ነጥብ እንዲገጠምላቸው ሆነው ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ በጥበቃ ሥራ የሚተዳደሩ፣ በሕግ የታጠቁ ወገኖቻችንም ያውቋቸዋል። የማነጣጠሪያ ማስተካከያ የሚለካው በደቂቃ ነው፤ አንድ ዲግሪ ለ60 ሲከፈል ማለት ነው። አንድ ደቂቃ በ100 ሜትር ላይ 2.9 ሴንቲ ሜትር፣ በ25 ሜትር ደግሞ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በብዙዎቹ የሽጉጥ ማነጣጠሪያዎች ላይ ብሎኑ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲል ነጥቡ አንድ ደቂቃ ይሄዳል። ስለዚህ በ25 ሜትር ጥይቶቹ 4 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ካረፉ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ጠቅታ ወደ ላይ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ መጣደፍ ጥሩ አይደለም። አንድ ጥይት ተኩሶ ብሎን የሚያዞር ሰው ዜሮ እያደረገ ሳይሆን ነጥቡን እያባረረ ነው። ጠረጴዛ ላይ የአሸዋ ከረጢት ተቀምጦ እጅ ይደገፍበታል፤ አምስት ጥይት በእርጋታ ወደ አንዲት ምልክት ይተኮሳል። ከዚያ ወረቀቱ ቀርቦ ቀዳዳዎቹ የተሰበሰቡበት ቦታ መካከል ይፈለጋል። አራቱ ተጠጋግተው አንዱ ርቆ ከሄደ ያ አንዱ የእጅ ጥፋት ሊሆን ይችላል። በቀኝ እጁ የሚተኩስ ሰው ቃታውን ሲመነጭቀው ጥይቱ ወደ ታችና ወደ ግራ መሄድ ይወዳል፤ ይህን በብሎን ማረም ስሕተቱን ማነጣጠሪያው ውስጥ መቅበር ነው። ሌላ ሰው ያንኑ ሽጉጥ አንሥቶ ሲተኩስ ጉዱ ይወጣል።

ርቀቱም ይታሰብበት። ነጥቡ ከአፈሙዙ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። በ25 ሜትር ዜሮ የሆነ ሽጉጥ በ3 ሜትር ሲተኮስ ጥይቱ ከነጥቡ ዝቅ ብሎ ያርፋል፤ ልዩነቱ በነጥቡና በአፈሙዙ መካከል ካለው ከፍታ ብዙም አያንስም። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ነገር ግን በቅርብ ርቀት ቀድሞ ያልሞከረው ሰው ብልሽት ይመስለውና ደኅናውን ያበላሻል። ጥይት ሲቀየርም እንዲሁ ነው፤ የአረሩ ክብደትና ፍጥነት ሲለወጥ የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል።

የኢኦቴክ ጉዳይ የሚያስተምረን ዜሮ ከተደረገ በኋላ ያለውን ነው። ኤፍ ቢ አይ ጉድለቱን ያገኘው በወረቀት ላይ የተጻፈውን አምኖ ሳይሆን ፈትሾ ነው። እንዲህ ያለው ፍተሻ በሐሳቡ ቀላል ነው፦ ማነጣጠሪያው እንዳይነቃነቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ነጥቡ ግድግዳ ላይ ካለ ምልክት ጋር ይገጠማል፣ ከዚያ ማነጣጠሪያው ይቀዘቅዛል ወይም ይሞቃል፤ ነጥቡ ከምልክቱ ስንት እንደሄደ፣ ወደ መጀመሪያው ሙቀት ሲመለስም ወደ ቦታው መመለሱ ይታያል። የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ሄዶ የሚመለስ ነጥብ ቢያንስ ይታወቃል፤ ሄዶ ሌላ ቦታ የሚቀር ነጥብ ግን ዜሮ አለው ለማለት ያስቸግራል።

ሽጉጥ ደግሞ ከጠመንጃው የባሰ ፈተና አለበት። ማነጣጠሪያው ብዙውን ጊዜ የሚታሰረው ተንሸራታቹ የላይ ብረት ላይ ስለሆነ በእያንዳንዱ ጥይት ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደ ፊት ይመለሳል። የያዙት ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው። ባለሙያዎች አምራቹ ባዘዘው ኃይል ልክ ካጠበቋቸው በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ ብረቱ የሚዘልቅ ቀጭን የቀለም መስመር ያሰምራሉ። ብሎኑ ሲላላ መስመሩ ይቆረጣል፤ ለማየት ተኩስ ሜዳ መሄድ አያስፈልግም፣ ሽጉጡን ከመታጠቅ በፊት አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል። አንዳንዶቹ ማነጣጠሪያዎች ባትሪያቸው ከታች ስለሆነ ባትሪ ለመቀየር መነቀል አለባቸው። እንደዚያ ከሆነ ቢያንስ አምስት ጥይት ተኩሶ ዜሮውን ማረጋገጥ የግድ ነው። በክረምት ውርጭ የሚያስፈልግ ሽጉጥም በበጋ ብቻ ዜሮ ተደርጎ ሊተው አይገባም።

ኢኦቴክ በኋላ ማነጣጠሪያውን ለሚመልሱ ገንዘባቸውን ለመመለስ ተስማማ። ብዙዎች መለሱ። ያልመለሱም ነበሩ፤ የራሳቸውን ማነጣጠሪያ አቀዝቅዘውና አሙቀው፣ ነጥቡ ስንት እንደሚሄድ ለክተው፣ ለሚተኩሱበት ርቀት ይበቃናል ያሉ ናቸው።