ሌባ ሻይ የጠጣች ሞተር

አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ሞተሩን አብዝቶ የሚወድ አንድ ጎረምሳ ነበር። የገዛት እኅቱ ከዐረብ አገር በላከችው ገንዘብ ስለሆነ፣ ሲያጥባትም ሲነዳትም የሰው አደራ እንደያዘ ሰው ይሆን ነበር። ሥራው ሰው ማመላለስ ነው። አርብ አርብ ገበያተኛውን ያመጣል፣ ይመልሳል፤ በሌላው ቀን ጉዳይ ያለውን ወደ ነፋስ መውጫ ያደርሳል። አርብ ገበያ ያለችበትን አገር ታች ጋይንት፣ ነፋስ መውጫ ያለችበትን ላይ ጋይንት ብሎ ስም ያወጣ ሰው ሞተረኛ ባይሆንም የሞተረኛን ችግር ያወቀ ይመስላል።

ቤንዚን ርካሽ በነበረ ጊዜ የታንኩን ክዳን ከፍቶ የሚያይ አልነበረም። በሰኔ 2014 መጨረሻ የአንድ ሊትር ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ይህ እንግዲህ አዲስ አበባ ማደያ ላይ የተጻፈው ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ መንገድ ዳር የሚደረደረው ቤንዚን የራሱ ሒሳብ አለው፤ እንደ መንገዱ ሰላምና እንደ ሻጩ ልብ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጎረምሳው ቤንዚን የሚበላው ዳገት ነው ብሎ ያምናል። ስለዚህ ነፋስ መውጫ የሚሄድ ሰው ሲመጣ "ዳገቱ ይበላል" እያለ ሒሳብ ይጨምራል፤ ሲመለስ ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሯን አጥፍቶ በዜሮ ማርሽ ይለቃታል። ከኋላው የተቀመጠው ነጋዴ ጋቢው እንደ ድንኳን ተነፍቶ፣ የፍሬኑ ሽታ አፍንጫውን እየሰነፈጠው፣ የሚያውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራ አርብ ገበያ ይደርሳል። ጎረምሳው በዚህ የሚያድነው ቤንዚን ቢለካ ምናልባት አንድ የአረቄ መለኪያ አይሞላም። ግን ተሰምቶት አያውቅም፤ ቆጥቤያለሁ ብሎ ደስ ብሎት ይተኛል።

ያልገባው ነገር ሌላ ነበር። ቅዳሜ ሁለት ሊትር ይሞላል። እሑድ የትም አይሄድም፤ ሰኞ የትም አይሄድም፤ ማክሰኞ ጠዋት ታንኩን ሲነቀንቀው ጥቂት ብቻ ከታች ይንቦጫረቃል። "የትም አልሄድሁም!" ይላል። "ታዲያ ማን ጠጣው?"

በጊቢው ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ከስማዳ የመጣ ተማሪ ይከራያታል። ስንቁን በጀርባው አዝሎ የሚመላለስ፣ ማታ ማታ ኩራዝ አብርቶ የሚያጠና ልጅ ነው። ኩራዝ ጥላሸቱም ሽታውም ልብስ ላይ ይቀራል። ጎረምሳው አንድ ቀን ልጁ በአጠገቡ ሲያልፍ አሸተተውና ነገሩ ሁሉ የተገለጠለት መሰለው። ላምባና ቤንዚን እንደማይመሳሰሉ ከእርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ የተናደደ አፍንጫ ግን የፈለገውን ነው የሚያሸተው።

ዝም ብሎ ቢጠይቀው መልካም ነበር። እርሱ ግን አርብ ቀን፣ ገበያው እንደ ንብ ሲተም፣ እህል ተራው መካከል እጁን ይዞ አቆመው። "ሌሊት ሌሊት ቤንዚኔን እየቀዳ የሚሸጥብኝ ይሄ ነው!" አለ። ልጁ "ኧረ አያ፣ በማርያም!" ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ቅዳሜ ሳይነጋ ደብተሩንና ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ ስማዳ በእግሩ ሄደ።

ወሬው ከአንድ ሽማግሌ መካኒክ ጆሮ ደረሰ። ሰውዬው በልጅነቱ፣ ቻይናዎቹ በደርግ ዘመን የወረታ–ወልድያን መንገድ ሲሠሩ፣ የብረት ሳጥን እየተሸከመ ነው ጥገና የተማረው። ብዙ አይናገርም። ጎረምሳው ማክሰኞ ካንዴላ ለማስቀየር ሲመጣ አሮጌውን ፈትቶ አየው፤ እንደ ከሰል ጠቁሯል።

"ሌባህን አገኘኸው አሉ" አለ ሽማግሌው።

"አገኘሁት ጋሼ።"

"በምን አወቅህ? ሌባ ሻይ አስጠራህ?"

ላላወቀው ልንገረው። በአያቶቻችን ዘመን፣ በምኒልክ ጊዜ ጭምር፣ ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ያስጠራ ነበር። ሌባ ሻዩ አንድ ትንሽ ልጅ መድኃኒት ያጠጣና ወገቡን በመቀነት ይይዘዋል። ልጁ እንደ ሰከረ ሰው ይሮጣል፣ ይንፏቀቃል፣ ከደጅ ደጅ ይዞራል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፤ ይከፍላል። ስንት ንጹሕ ሰው በዚህ መንገድ ተዋርዶ እንደቀረ እግዜር ይቁጠረው።

"እኔ አስጠጣልሃለሁ" አለ ሽማግሌው። "ልጅ ግን አናሰቃይም። ሞተሯን ነው የምናጠጣት።"

አንድ ሊትር የሚይዝ የሃይላንድ ጠርሙስ አመጣ፤ ቤንዚን ሞላው፤ ክዳኑን በስቶ ቀጭን ጎማ አስገባበት። ጠርሙሱን ገልብጦ ከመሪው ጋር በሽቦ አሰረውና ጎማውን ከታንኩ ነቅሎ በቀጥታ ካርቡራተሩ ላይ ሰካው። የጠርሙሱን ቂጥ በመርፌ ወጋ፤ አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። መካከሉ ላይ በምስማር ጫረበት። (ይህን አጠገቡ ሲጋራ እየተጨሰ የሚሞክር ካለ ታሪኩ ሌላ ምሳሌ ይሆናል።)

"ወደ ነፋስ መውጫ ውጣ። ጭረቱ ላይ ሲደርስ ተመለስ። ቁልቁለቱን ሞተር ሳታጠፋ፣ በማርሽ፣ እጅህን ከጋዙ ላይ አንሥተህ ውረድ። ሳትቸኩል ንዳ፤ ፍጥነትህን እጥፍ ብታደርገው ነፋሱ አራት እጥፍ ነው የሚገፋህ። ያን ጋቢህንም ወይ አጣፋው ወይ አውልቀው።"

ወጣ። የመጀመሪያው ግማሽ ሊትር ዳገቱን 17 ኪሎ ሜትር ወሰደው። ሲመለስ ግን የቀረው ግማሽ አላልቅ አለው፤ አርብ ገበያ ደርሶ፣ አልፎ፣ በወዲያኛው በኩል ሄዶ ነው ሞተሯ የጠፋችው። ቆጣሪው 46 ኪሎ ሜትር ይላል። ጎረምሳው እየገፋት ሲመለስ ፊቱ በርቷል። "አየህ ጋሼ? ሞተሯ ጤነኛ ናት። ስለዚህ ሌባ አለ ማለት ነው።"

"ነገ ደግሞ ሌላ ጠርሙስ" አለ ሽማግሌው። "ነገ የትም አትሄድም። የትም በማትሄድበት ቀን የምትሄደውን ብቻ ሂድ። ማታ ጠርሙሱ እኔ ቤት ያድራል።"

ረቡዕ ጠዋት ጎረምሳው እንደ ወትሮው ቾኩን ስቦ አስነሣትና ፊቱን ሊታጠብ ገባ። ሞተሯ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ስታጉረመርም ቆየች። ፊቱን ታጥቦ፣ ጸጉሩን አበጥሮ፣ የመጀመሪያውን ቡና ጠጥቶ ወጣ። ቾኩን መመለሱን ረስቶት ነበር። ለቁርስ ሦስት መቶ ሜትር ሄደ። ከቁርስ ተመለሰ። ስልኩን ረስቶ እንደገና ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ቆመ። የሻይ ቤቷ ልጅ ድምፁን እንድትሰማለት ሞተሯን አያጠፋትም፤ ጋዟን ጫን ለቀቅ እያደረገ ከጓደኛው ጋር ያወራል። ወሬው ስለ ቤንዚን ውድነት ነበር። ጠርሙሱ ከመሪው ላይ ሆኖ ይሰማል፣ እየቀነሰም ይሄዳል።

ሐሙስም እንዲሁ ዋለ። በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ሰው መካከል እየተሹለከለከ፣ ጋዝ ሰጥቶ ወዲያው ፍሬን እየያዘ። ሞተር ከቀዘቀዘ ብዙ ይጠጣል፤ ሞቆ ሳይጨርስ ከጠፋ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ፍሬን በተያዘ ቁጥር በቤንዚን የተገዛው ፍጥነት ትኩሳት ሆኖ ይጠፋል። በዚያ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ከቆመው ከጉና ተራራ የማይርቅ አገር አየሩ ስስ ነው፤ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ አየሩ ሲያንሰው ቤንዚኑን አይቀንስም፤ ካንዴላውም የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ ያውቅ ነበር። በአንድ ቃል ሊነግረው ይችል ነበር፤ አልነገረውም።

የሰፈር ልጆች የጠርሙሱን ነገር ሰምተው ከኋላ ከኋላ ይሮጣሉ። ሐሙስ ጀምበር ስትጠልቅ ጎረምሳው ወደ ቤቱ ታጠፈ። ሞተሯ አንዴ ሳለች፣ ሁለቴ ሳለች። የፊት ጎማዋ የራሱን በር እንዳለፈ፣ የተማሪው ባዶ ክፍል ፊት ለፊት፣ ዝም አለች።

"ወደቀች!" ብለው ጮኹ ልጆቹ።

ቆጣሪውን አየ። በሁለት ቀን፣ በአንድ ሊትር፣ 21 ኪሎ ሜትር። የትም ሳይሄድ።

ሽማግሌው ጠርሙሱን ፈትቶ ለመውሰድ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። በአቧራ የታፈነውን ፊልትሮ ማጽዳት፣ የደረቀውን ካቴና ዘይት መቀባት፣ ጎማውን በልኩ መንፋት፣ ቆማ ስታጉረመርም የምትጠጣውን መቀነስ፣ ይህን ሁሉ ያን ማታ በባትሪ መብራት ሠራለት። ሒሳብ ሲጠይቀው "ለእኔ ያለብህ ትንሽ ነው" አለው።

አርብ ሳይነጋ፣ የሳምንቱን ዋና ገቢ ትቶ፣ ጎረምሳው ወደ ስማዳ ነዳ። መንገዱ ሲያልቅበት ሞተሯን አደራ ሰጥቶ በእግሩ ወረደ። ጥር ነውና ሰዉ ውቂያ ላይ ነበር። ልጁ አውድማው ላይ በሬዎቹን ያዞራል፤ አየውና ቀና ሳይል ማዞሩን ቀጠለ። አባትየው መንሹን አስቀምጦ መጣ።

"ደከመህ፣ ተቀመጥ" አለ። "አውቄያለሁ ለምን እንደመጣህ። ይኸው።" ከአውድማው ዳር የቆመ አንድ ጆንያ ገብስ አሳየው። "ስንት ሊትር እንደወሰደብህ አልነገረኝም፤ አልወሰድሁም ነው የሚለው። ቢበቃ ብዬ ይህን ለይቻለሁ።"

ጎረምሳው መንገድ ላይ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው። ጆንያውን ሲያይ ጠፋበት። አፈሩ ላይ ተንበርክኮ የአባትየውን እግር ሊስም ሲያጎነብስ፣ ሰውዬው ግራ ገብቶት ወደ ኋላ ሸሸ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ልጁ ብርድ ልብሱንና ደብተሩን አነሣ። ሲመለሱ ጎረምሳው ቀስ ብሎ ነዳ፤ ቁልቁለት ላይ አንዴም ሞተር አላጠፋም። የአርብ ገበያ ቆርቆሮዎች በሩቅ ሲያብለጨልጩ ልጁ ትከሻውን ነካው።

"አያ፣ እዚህ አውርደኝ።"

"ምነው፣ ደረስን እኮ።"

"በዚህ በኩል ነው በእግሬ የወጣሁት።"

ጎረምሳው ሞተሯን አጠፋት። ወርዶ መሪዋን ያዘና ከልጁ ጎን ለጎን እየገፋት ወደ ገበያው ገቡ። ገበያው ሞልቶ ነበር። በሽንኩርት ተራው በኩል አንዱ "ቤንዚን አለቀብህ?" አለው።

"አላለቀብኝም" አለ። "ሌባው እኔ ነበርሁ። ይህ ልጅ አልነካውም።"

እህል ተራው ላይ፣ እጁን ይዞ ባቆመው ቦታ፣ አንዲት ጤፍ ሻጭ ያንኑ ጠየቀችው፤ ያንኑ መለሰ። ከብት ተራው ላይ ሦስት ሰዎች ጠየቁት። ላቡ ባንገቱ ይወርዳል፣ ልጁ ብርድ ልብሱን አቅፎ መሬት መሬት እያየ አጠገቡ ይራመዳል፣ ጎማዋ ጠጠር ባገኘ ቁጥር ግማሽ የሞላው ታንክ ይንቦጫረቃል።